የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የጉድጓድ ውሃ፦ የመኪና ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሞተር አይነኩም። ሁሉም ከላይ ወርዶ ወይም ከቱቦ ወጥቶ መኪና ላይ ስለሚደርቅ ነገር ናቸው።

ከሐዋሳ

«ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። መኪናዬን ሐይቁ ዳር ከዛፍ ሥር ሳቆም አባ ኮዳ ኮፈኑ ላይ ይጥልብኛል። ማታ ቤት ስገባ አጥበዋለሁ። ኩሱ ይለቃል፣ ግን የነጣ፣ ካርታ የመሰለ ቅርጽ ይቀራል። መኪናው ጥቁር ነው። እስኪደክመኝ በጨርቅ ባሸው አልለቀቀም፤ እንዲያውም ዙሪያው ደበዘዘ። ላስቀባው ወይስ ሌላ መላ አለው?»

አያስቀቡት፤ ጨርቁን ግን ያስቀምጡት። የቀረው ቅርጽ እድፍ አይደለምና በማሸት አይወጣም። የደበዘዘው ዙሪያ ደግሞ የወፏ ሳይሆን የጨርቁ ሥራ ነው።

የኩሱ ነጭ ክፍል ዩሪክ አሲድ ነው። ወፍ ሽንቷን ለብቻ ስለማትሸና ሁሉም አብሮ ይወርዳል። አሲዱ ቀለሙን ይነካል፤ ከአሲዱ ጋር የሚተባበረው ግን ፀሐይ ነው። ጥቁር ኮፈን በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ሙቀት ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር የሚባለው ቫርኒሽ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል። ኩሱ ግን እየደረቀ ይጠነክራል። ኮፈኑ ሲቀዘቅዝ ቫርኒሹ ሲሰበሰብ የኩሱን ሻካራ ሥር ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ካርታ የሚመስለው ይኸው ነው፤ ብርሃን እንደ ሌላው ቦታ እኩል ስለማይመለስበት ነጥቶ ይታያል። ጥቁር መኪና ላይ የሚብሰውም ጥቁር የበለጠ ስለሚግልና ጉድለትን ስለማይደብቅ ነው። እንግዲህ «ማታ አጥበዋለሁ» ያሉት ላይ ነው ነገሩ፤ ቀን ሙሉ ተጋግሯል።

አሁን ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ይለኩ። ኮፈኑን በጥላ ሥር አጥበው ያድርቁና የስልክዎን መብራት አግድም ይዘው ይመልከቱ። ቀጥሎ ጥፍርዎን በቀስታ በቅርጹ ጠርዝ ላይ ያሻግሩ። ጥፍሩ ሳይደናቀፍ ካለፈ በፖሊሽ ይወጣል። ከተደናቀፈ ፖሊሹ ያደበዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም። በመብራቱ ሥር የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካዩ ቫርኒሹ አብቅቷል፤ ያንን ክፍል ማስቀባት ግድ ነው።

ፖሊሽ ከማንሳትዎ በፊት ልብ ሊሉት የሚገባ ልክ አለ። የፋብሪካ ቫርኒሽ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ የአንድ ቅጠል ወረቀት ግማሽ ያህል ማለት ነው። ፖሊሽ የሚሠራው ያንኑ በመፋቅ ነው። በእጅ ሲሠራ የሚፋቀው ጥቂት ነው፤ በማሽንና ኮምፓውንድ በሚባለው ሸካራ ፖሊሽ ግን በአንድ ከሰዓት ብዙ ሊሄድ ይችላል፣ የሄደው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ከቀላሉ ይጀምሩ። በስፖንጅ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል ጥሩ ደቃቅ ፖሊሽ ያድርጉና አንድ ክንድ በማይሞላ ስፋት ላይ ብቻ፣ አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ታች እያሉ ለሁለት ደቂቃ ያሹ። በንጹህ ማይክሮፋይበር ጠርገው በመብራት ይዩ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ለውጥ ካላዩ ያቁሙ። ባለ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ማሻሸት የሚባለው መላ አለ፤ እሱ ግን የቀለም ውፍረት መለኪያ ላለው ባለሙያ ይተው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አነሳሱን ይለውጡ። ሶፍት ወይም ጨርቅ በለብ ያለ ውሃ ነክረው ጥቂት የመኪና ሻምፖ ጠብ ያድርጉበትና ኩሱ ላይ ያንጥፉት። ውሃው እንዳይደርቅ ፌስታል ደርበውበት 10 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ ሳይጠርጉ ከዳር ወደ መሃል ቆንጥረው ያንሱት። ወፎች ከዘርና ከነፍሳት ጋር አሸዋም ይውጣሉ፤ ኩሱን መጥረግ ማለት ያንን አሸዋ ቀለሙ ላይ መጎተት ነው። ካልለቀቀ እንደገና ያርጥቡ። ጠርሙስ ውሃና አንድ ጥቅል ሶፍት መኪናው ውስጥ ካለ ይህ ሁሉ ሐይቁ ዳር እያሉ ያልቃል። ደርቆ የቆየ ኩስ ሲያነሱ ጓንት ያድርጉ፣ ሳያረጥቡም አይፈርፍሩት፤ አቧራው ለሳንባ አይሆንም።

ከአዳማ

«መኪናዬን ግቢ ውስጥ በጉድጓድ ውሃ ነው የማጥበው። የጎን መስታወቶቹና የኋላው በነጭ ነጠብጣብ ተሸፍነዋል። አቼቶ ይለቀዋል ተብዬ ሞከርኩ፤ ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ እንዳለ ነው። ማታ መብራት ሲመጣብኝ አላይም። ቀለሙም ላይ ጀምሯል።»

ግማሹ መልቀቁ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ሁለት ዓይነት ነጠብጣብ ስላለብዎት ነው።

ውሃው ይተናል፣ ውስጡ የነበረው ማዕድን ግን አይተንም። በአንድ ሊትር 300 ሚሊ ግራም ማዕድን ያለው ውሃ ከሆነ መኪናው ላይ ሳይጠረግ የደረቀ ግማሽ ሊትር 150 ሚሊ ግራም ነጭ ዱቄት ትቶ ይሄዳል። ዱቄቱ ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ፣ ማለትም ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት፣ አሲድ ይሟሟዋል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ግን እሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ያለፈ ስለሆነ ፍሎራይድና ሶዲየም ባይካርቦኔት ብቻ ሳይሆን ሲሊካም በብዛት ይይዛል። ሲሊካ የመስታወት የራሱ ወገን ነው። አንዴ ደርቆ ከያዘ በኋላ አቼቶ አይነካውም።

ለመለየት፦ በደረቀ መስታወት ላይ አንድ ነጠብጣብ ይምረጡና አንድ ጠብታ አቼቶ ያድርጉበት። ስልክዎን አስጠግተው በካሜራው አጉልተው ይመልከቱ። ጥቃቅን አረፋ ከጠርዙ እየተነሳ ጠብታው ከደፈረሰ ካልሲየም ነው። ጠብታው ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ ሲሊካ ነው፤ አለዚያም መስታወቱ ራሱ ተበልቷል።

አረፋ ላወጣው፦ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ይቀላቅሉ። ጨርቅ ነክረው መስታወቱ ላይ ይለጥፉና 5 ደቂቃ፣ ሳይደርቅ። ጎማው፣ የአሉሚኒየም ጌጡና ቀለሙ ላይ እንዳይወርድ ሥሩ ደረቅ ፎጣ ያድርጉ። በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። ከሁለት እስከ ሦስት ዙር ይበቃል። ቀለም ላይ ይህንኑ ውህድ መጠቀም ይቻላል፣ ግን በጥላ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ፣ ከሁለት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ፤ ወዲያው በሻምፖ ይታጠብ። ሰም ተቀብቶ ከነበረ ያዳክመዋልና መልሰው ይቀቡ።

አረፋ ላላወጣው አሲድ መጨመር ዋጋ የለውም። መፋቅ ነው የሚቀረው። መጀመሪያ መስታወቱን በሳሙና ውሃ አርጥበው አዲስ ምላጭ 30 ዲግሪ ያህል አጋድመው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይግፉ፤ ምላጩን ወደኋላ መጎተት ይቧጥጣል። ይህ ለውጭ በኩል ነው። የኋላ መስታወት ውስጠኛው ገጽ ላይ የማሞቂያ ሽቦዎች አሉ፣ ፊልም የተለጠፈበትም ብዙ ነው፤ በዚያ በኩል ምላጭ አይግባ።

ከምላጭ በኋላ የቀረውን የሚያነሳው ሴሪየም ኦክሳይድ ነው፤ መስታወት ቤቶች ጭረት የሚያጠፉበት ቀይ ቡኒ ወይም ነጣ ያለ ዱቄት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ ውሃ እየጨመሩ እርጎ እስኪመስል ይበጥብጡ። በፌልት ጨርቅ በእጅ ከሆነ መዳፍ ለሚያህል ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ትዕግስት የሌለው አይጀምረው። በትራፓኖ ላይ ፌልት ዲስክ ገጥሞ መሥራት ይፈጥናል፣ ግን በዝግተኛ ፍጥነት፣ አንድ ቦታ ሳይቆሙ፣ ድብልቁ ሳይደርቅ። መስታወቱን በእጅዎ ነክተው ካቃጠለዎት ያቁሙ፤ አንድ ቦታ ብቻ የጋለ መስታወት ይሰነጠቃል። ዙሪያውን ቀለሙንና ጎማውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ዱቄቱ ጎማ ውስጥ ከገባ ለወራት ነጭ ያለቅሳል።

የፊት መስታወት ላይ ለየት ያለ ጥንቃቄ አለ። አንድ ቦታ አብዝተው ከፋቁ መስታወቱ ይጎደጉድና መንገዱ እንደ ውሃ ሲወላወል ይታያል። በሹፌሩ ዓይን ፊት ያለውን ክፍል በእጅ፣ በስሱና በሰፊው ብቻ ይሥሩ። በዚያ ካልጠራ መስታወቱን መለወጥ ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠንቅቅ። ስም በሌለው ጠርሙስ «በአንድ ጊዜ ያነሳል» ተብሎ የሚሸጥ የመስታወትና የቸርኬ ማጠቢያ አለ። እውነትም ያነሳል፤ አንዳንዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ ስላለበት መስታወቱን ራሱን ይበላል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ጉም አይመለስም። ቆዳ ላይ ሲነካ ደግሞ መጀመሪያ ላያምም ይችላል፣ ቆይቶ ግን እስከ አጥንት ይዘልቃል። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን አይግዙ።

አስተጣጠብዎን ካልለወጡ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። መኪናውን በፀሐይ አይጠቡት፤ ክፍል በክፍል አጥበው ወዲያው ያድርቁ። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ በርሜል ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካለ ለአንድ አነስተኛ መኪና አምስት ሊትር ይበቃል። ከጣሪያ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ስላለበት ይለፍ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያጠራቅሙ። የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ቢደርቅም ምንም አይተውም ማለት ይቻላል። ላቫጆ የሚያሳጥቡም ከሆነ ውሃው ከጉድጓድ ይሁን ከመስመር ይጠይቁ፣ ሳይደርቅም ይዘው አይውጡ።

ከአዲስ አበባ

«ግቢያችን ውስጥ ትልቅ የፈረንጅ ጥድ አለ። መኪናው ላይ ሙጫ ይንጠባጠባል። ጎረቤቴ በቤንዚን ጥረገው አለኝ። ልክ ነው?»

አይደለም። ቤንዚን ሙጫውን ይሟሟዋል፣ ግን እሳቱ አለ፣ ጭሱ አለ፣ ቶሎ ስለሚተንም ሙጫውን በስስ አሰራጭቶት ይሄዳል። ቲነርና አሴቶን ከዚያ የባሱ ናቸው፤ ቀለሙን ራሱን ያነሳሉ።

በመጀመሪያ ግን ሙጫ መሆኑን ያረጋግጡ። ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርገው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከሟሟ የዛፉ ሙጫ ሳይሆን ዛፉ ላይ የሰፈሩ ክሽክሾች የሚጥሉት ስኳር ያለበት ፈሳሽ ነው። ጣሪያውን በሙሉ እንደ ሽሮፕ የሚያጣብቀው፣ ቆይቶም ጥቁር ሻጋታ የሚያበቅለው እሱ ነው። ለዚያ ለብ ያለ የሻምፖ ውሃ ይበቃል።

እውነተኛው ሙጫ በውሃ አይነካም፣ በአልኮል ይለቃል። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ይግዙ። መኪናውን አጥበው አቧራውን ካስወገዱ በኋላ ጥጥ ነክረው ሙጫው ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሳርፉ፤ አይሹ። ሲለሰልስ ጥጡን ጠምዘዝ አድርገው ያንሱት፤ በአዲስ ጥጥ ይድገሙ። ያንኑ ጥጥ ከተጠቀሙ ሙጫውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው። የጠነከረ ትልቅ እንክብል ከሆነ አንዴ አብዝቶ ከማቆየት ይልቅ አምስት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። ሲያልቅ ቦታውን በሻምፖ ይጠቡና ሰም ይቀቡ። አልኮል ከሌለ ነጭ ጋዝ ወይም ቀለም ቤት የሚሸጠው አኳራጅ ይሠራል፤ ቅባታም ስለሆኑ ግን ኋላ ደህና አድርጎ መታጠብ ያስፈልጋል።

ያገለገለ መኪና ከሆነ የሚከተለውን አይዝለሉ። ብዙ መኪና አንድ ወይም ሁለት ክፍሉ ጋራዥ ውስጥ ዳግም የተቀባ ነው፣ የተቀባበትም ቀለም ሁልጊዜ የፋብሪካው ዓይነት አይደለም። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ፣ አልኮል ያለበት ጥጥ 30 ሰከንድ ያሳርፉ። ጥጡ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከተነሳ በዚያ ክፍል ላይ አልኮልም አኳራጅም አይነካም። የምግብ ዘይት ቀብተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፣ ሙጫው ሲለሰልስ በሳሙና ውሃ ያንሱት። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ቀለም አይጎዳም።

ከመተሐራ

«በሌሊት ስነዳ የፊት መስታወቱና መከላከያው በነፍሳት ይሞላል። ጠዋት ደርቆ አይለቅም።»

የድስት ሽቦውን ይተዉት። ጋዜጣ በውሃ አርሰው መከላከያውና ኮፈኑ ጫፍ ላይ ያልብሱት፤ እየረጩ 15 ደቂቃ ይቆዩ። የነፍሳቱ ሰውነት ፕሮቲን ነውና እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ይለሰልሳል፣ በስፖንጅ ይወርዳል። የፈላ ውሃ ግን እንደ እንቁላል ያበስለዋል፣ የቀዘቀዘ መስታወትንም ሊሰነጥቅ ይችላል። መስታወቱ ሳይታጠብ የዝናብ መጥረጊያውን አያስነሱ፤ ደሙን አሰራጭቶ ጎማውንም ያበላሻል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

«ሰላም ለእናንተ። እዚህ ሚያዝያ ሲደርስ መኪናው ቢጫ ዱቄት ይለብሳል። ባለቤቴ በየጠዋቱ በላባ መጥረጊያ ይጠርገዋል። ቀለሙ ጭረት በጭረት ሆነ። ጭረቱ ከመጥረጊያው ነው ከዱቄቱ?»

ከሁለቱም። ዱቄቱ የዛፍ ብናኝ ነው፤ በዚያ ወቅት አብዛኛው ከኦክ ዛፍ ይመጣል፣ ከጥድ የሚመጣውም አለ። ብናኙ ብቻውን ብዙም አይጭርም። ሌሊቱን ግን ከመንገድ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ያድራል፣ አቧራው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ ከመስታወት እንኳን የሚጠነክር ነው። ደረቅ መጥረጊያ ያንን ይዞ ይሄዳል። ለባለቤትዎ ላባውን ለቤት ዕቃ ያውሉት ይበሏቸው፤ በቱቦ ውሃ ከላይ ወደ ታች ማስወረድ ይበቃል። መጥረግ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሻምፖ ያለበት ጓንት።

ብናኝ ዝናብ ሲነካው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወጣል፤ በፀሐይ ሲደርቅ ቢጫ ጥላ ትቶ ይቀራል። ስለዚህ ከቀላል ካፊያ በኋላ ማጠብ ከማንኛውም ቀን ይበልጣል። «ዝናቡ አጥቦታል» ማለት አሳሳች ነው። ጭረቱን በተመለከተ ለሐዋሳው አንባቢ ያልነው ፖሊሽ ይሠራል፣ ግን ብናኙ ሲያልቅ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይሥሩት፤ አሁን ከጀመሩ በየሳምንቱ ይደግሙታል።

ከባሕር ዳር

«ኮካ፣ በረኪናና ኦሞ ለመኪና እድፍ ይሆናሉ ይባላል። እውነት ነው?»

ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለ የካልሲየም ነጠብጣብ ትንሽ ያነሳል፤ ስኳሩ ግን ይቀራል፣ አቧራም ይጋብዛል። አቼቶ ይርካሻልም፣ ይሻላልም። በረኪና መኪና ላይ የሚሠራው ሥራ የለውም፤ ብረቱ ከተጫረ ዝገቱን ያፋጥናል። ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ አያግቧቸው። የዱቄት ሳሙና ቅባት በደንብ ያወጣል፣ ለዚህም ነው የማይመከረው፤ ሰሙን አብሮ ይዞ ይሄዳል፣ ያልሟሟው ቅንጣትም ይጭራል። ሌላ ከሌለ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ በጥብጠው፣ በደንብ አለቅልቀው ይጠቀሙ።